ከሱናሚ ቀመር እስከ ጎርጎራ ዳርቻ፦ የሞገድ ስሌት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም

በዚህ ማስታወሻ የምመዘግበው፣ ጎንደር ላይ በአንድ ላፕቶፕ በፓይተን የምጽፈው የውኃ ሞገድ ማስያ ፕሮግራም ከመነሻው ጀምሮ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ነው። ፕሮግራሙ የሚፈታቸው እኩልዮሾች የውቅያኖስ ተመራማሪዎች ሱናሚን ለማስላት የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተቆረቆረ ከተማ ተቀምጦ የሱናሚ ቀመር መፍታት ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በቅድሚያ ልመልሰው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳን-ቬናን እነዚህን እኩልዮሾች እ.ኤ.አ. በ1871 ሲያቀርብ ያሰበው ስለ ወንዞች ሙላትና ከባሕር ወደ ወንዝ አፍ ስለሚገባው ውኃ ነበር። ቀመሩ ከወንዝ ተነሥቶ ወደ ውቅያኖስ የተሻገረ ነውና ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሲመለስ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ጎንደርን በመካከላቸው አድርገው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ውኃቸውን ለመገጭ ያቀብላሉ፤ መገጭ ደግሞ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ጎርፍ በአንድ ሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በዚያው ክረምት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎችም በውኃ ተውጠው ነበር። እነዚህን ሁለት ጥፋቶች፣ አንደኛው እንደ መብረቅ የፈጠነ ሌላኛው ቀስ ብሎ የተዘረጋ ቢሆንም፣ አንድ ዓይነት እኩልዮሽ ይገልጻቸዋል።

እኩልዮሾቹ የሚሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ በአንድ ቦታ ያለው ውኃ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ከጎን በገባውና በወጣው ልክ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ የውኃው ሞመንተም፣ ማለትም መጠኑ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው፣ የሚለወጠው በጎን ግፊት፣ በወለሉ ተዳፋትና በሰበቃ ነው ይላል። ይህ የሚሠራው የሞገዱ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት እጅግ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ 4,000 ሜትር ጥልቀት ያለው ውቅያኖስ፣ የሱናሚው ርዝመት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለቀመሩ እንደ ስስ ውኃ ይቆጠራል። የሞገዱ ፍጥነትም የመሬት ስበት በጥልቀቱ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ካሬ ሥር ነው፤ በ4,000 ሜትር ጥልቀት በሰከንድ 198 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 713 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይኸው ስሌት ለጣና፣ አማካይ ጥልቀቱን 9 ሜትር ብንወስድ፣ በሰከንድ 9.4 ሜትር ይሰጣል።

መስከረም መጨረሻ

የስሌት ዘዴ መምረጥ ነበረብኝ። ቦታውን በነጥቦች ከፍሎ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማስላት ለመጻፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ግድግዳ መስሎ የሚመጣ የውኃ ግንባር ሲያጋጥመው ወይ ይንዘፈዘፋል ወይም ግንባሩን በተሳሳተ ፍጥነት ይነዳዋል። ስለዚህ ቦታውን በሴሎች ከፍሎ በየሴሉ ያለውን የውኃ መጠን የሚይዝና በየድንበሩ የሚያልፈውን ፍሰት የሚቆጥረውን ዘዴ መረጥኩ። ከአንዱ ሴል የወጣው በትክክል ወደ ጎረቤቱ ስለሚገባ ውኃ ከየትም አይፈጠርም፣ የትም አይጠፋም። መሠረቱን የጣለው ሩሲያዊው ጎዱኖቭ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

በድንበሩ ላይ ሁለት የተለያየ ጥልቀትና ፍጥነት ያላቸው ውኃዎች ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያልፍ ለመወሰን ሃርተን፣ ላክስና ቫን ሊር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡትን መንገድ ተጠቀምኩ። የሚጠይቀው ከድንበሩ የሚነሡትን በጣም ዘገምተኛና በጣም ፈጣን ሞገዶች ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ ደረቅ መሬት ቢሆንም አይሰናከልም፣ ለጎርፍ ደግሞ ይህ ዋና ነገር ነው።

የጊዜ እርምጃው ርዝመት የሚወሰነው ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት ገደብ ነው፦ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሞገዱ ከአንድ ሴል በላይ መጓዝ የለበትም። ገደቡ ቀላል ቢመስልም ሙሉውን የሥራ በጀት የሚወስነው እሱ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ሴሎች ጥልቁን ውቅያኖስ ለማስላት እስከ 5 ሰከንድ የሚደርስ እርምጃ ይበቃል። ውኃው ከተማ ውስጥ የት እንደሚገባ ለማወቅ ግን 10 ሜትር ስፋት ያላቸው ሴሎች ያስፈልጋሉ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር በ1,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ባሕር በዚህ ስፋት ቢከፈል 10 ቢሊዮን ሴል ይወጣዋል። ዛሬ ለሱናሚ የሚያገለግሉት እንደ ጂኦክሎ ያሉ ፕሮግራሞች ሞገዱ ባለበት ብቻ ሴሎቹን የሚያሳንሱት፣ ሞገዱ ሲያልፍ ደግሞ መልሰው የሚያሰፉት ለዚህ ነው። የእኔ ሐይቅ ትንሽ ስለሆነ ይህን ውስብስብ ክፍል ሳልጽፍ እሄዳለሁ።

ጥቅምት

የመጀመሪያው ፈተና የግድብ መፍረስ ነው። ጀርመናዊው ሪተር እ.ኤ.አ. በ1892 ሰበቃ በሌለበት ደረቅና ጠፍጣፋ ቦይ ላይ ግድብ በቅጽበት ቢጠፋ ውኃው እንዴት እንደሚፈስ በቀመር ፈትቶታል። ግድቡ በነበረበት ቦታ ጥልቀቱ ወዲያውኑ ወደ መጀመሪያው 4/9 ይወርድና እዚያው ይቆያል፤ የግንባሩ ፍጥነት ከሞገዱ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ነው። ከግድቡ ኋላ 2 ሜትር ውኃ አስቀምጬ፣ ሴሎቹን ግማሽ ግማሽ ሜትር አድርጌ አሰላሁ። ቀመሩ በግድቡ ቦታ 0.889 ሜትር ጥልቀት፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ከግድቡ 88.6 ሜትር የራቀ ግንባር ይሰጣል። ፕሮግራሙ ጥልቀቱን በደንብ ያገኘዋል፤ ግንባሩ ግን ከቀመሩ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን መዘግየት በቅርብ መርምሬዋለሁ። በሪተር ቀመር መሠረት ከግንባሩ ጫፍ 5 ሜትር ወደ ኋላ ተሂዶ ያለው ውኃ ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በእውነተኛ ቦይ ውስጥ እንዲህ ያለውን ስስ ውኃ ሰበቃ ይይዘዋል፤ እውነተኛው ግንባር ከሪተር ግንባር የሚዘገየውና ፊቱ ደብለል የሚለውም ለዚህ ነው። ስለሆነም ግንባሩን ለማሳመር ተጨማሪ ጊዜ ማጥፋት አልፈለግሁም፤ ቀመሩ ራሱ ከተፈጥሮ በሚርቅበት ቦታ ከቀመሩ ጋር መፎካከር ለደንቢያ ገበሬ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ጥቅምት መጨረሻ፣ የረጋ ሐይቅ

ከሁሉም ፈተናዎች ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህኛው ነው። ወለሉ ኮረብታና ሸለቆ ያለው ሐይቅ ተወስዶ ውኃው ፍጹም የረጋ፣ ላዩም ለጥ ያለ ይደረጋል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ይተዋል። ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፦ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ሞገድ በሌለበት ሞገድ የሚፈጥር ፕሮግራም ሞገድ ባለበት የሚናገረው ሊታመን አይችልም።

ችግሩ የሚመጣው ከወለሉ ተዳፋት ነው። በረጋ ሐይቅ ውስጥ የጎን ግፊቱና የተዳፋቱ ግፊት እርስ በርሳቸው ይሻራሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ግፊቱን በሴሉ ድንበር፣ ተዳፋቱን በሴሉ መካከል ካሰላቸው ሁለቱ በትክክል አይሻሩም፤ የተረፈችው ትንሽ ልዩነት ውኃውን ትገፋዋለች። ልዩነቱን ለማየት በመጀመሪያ በዚህ ጥሬ መንገድ አሰላሁ፤ እንደተጠበቀው ከወለሉ ኮረብታ ጫፍ ላይ ጅረት ተነሥቶ ሐይቁን ማወዛወዝ ጀመረ።

ይህ ለውቅያኖስ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በሱማትራ የተነሣውን ሱናሚ ጄሰን-1 የተባለችው ሳተላይት ከመሬት መንቀጥቀጡ 2 ሰዓት ያህል በኋላ በላዩ ስታልፍ፣ በክፍት ባሕር ላይ የለካችው ከፍታ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ከ4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ስሌቱ ከ10,000 አንድ እጅ ብቻ ቢሳሳት ስሕተቱ 40 ሴንቲሜትር ነው። ከ200,000 በላይ ሰዎችን የጨረሰው ሞገድ በራሱ በፕሮግራሙ ጫጫታ ውስጥ ሊደበቅ ይችል ነበር ማለት ነው።

መፍትሔውን የወሰድኩት ኦዱስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ካሳተሙት ዘዴ ነው። ወለሉ በእርሻ እርከን አምሳል ከሴል ወደ ሴል ደረጃ እንደሚሠራ ይታሰባል። በየድንበሩ ከሁለቱ እርከኖች ከፍ ያለው ይወሰድና የሁለቱም ጎን ጥልቀት ከውኃው ላይ ወደ ታች ተነሥቶ በዚያ ከፍታ ላይ እንደገና ይለካል፤ ከዜሮ የሚያንስ ከወጣ ዜሮ ይባላል። በዚህ የተቆረጠው ግፊት በሴሉ ሂሳብ ላይ ተመልሶ ይደመራል። ኮዱ የጨመረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ሐይቁ በትክክል ረጋ። ከረጅም ስሌት በኋላ የቀረው ፍጥነት ከነጥብ በኋላ 15ኛው አሃዝ አካባቢ ያለ፣ ማሽኑ ቁጥር ሲያጥር የሚጥለው ቅሪት ብቻ ነው። ዘዴው የሚወደድበት ሌላም ምክንያት አለው፦ ከፍ ያለ ደሴት ከውኃው በላይ ቢወጣ እንኳ፣ ዳርቻው ላይ ያለው ውኃ አይረበሽም። ደሴቶች ለበዙበት ለጣና ይህ ግድ ነው።

ኅዳር

ቀጣዩ የዳርቻው መንቀሳቀስ ነው። ውኃ ወደ መሬት ሲወጣና ሲመለስ ሴሎች ይረጥባሉ፣ ይደርቃሉ። ፍጥነት የሚገኘው ሞመንተምን ለጥልቀት በማካፈል ስለሆነ፣ ጥልቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የማይመስል ፍጥነት ይወጣል፤ ያም የጊዜ እርምጃውን አሳንሶ ስሌቱን በሙሉ ያንቀረፍፈዋል። ከ1 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ውኃ ፍጥነቱ ዜሮ እንዲሆን ወሰንኩ። ሰበቃውን ደግሞ የወለሉን ሻካራነት በአንድ ቁጥር በሚገልጸው በማኒንግ ቀመር፣ በእርምጃው መጨረሻ ባለው ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ እንዲሰላ አደረግሁ፤ እንዲህ ካልተደረገ በስስ ውኃ ላይ ሰበቃው ፍሰቱን ከማቆም አልፎ ወደ ኋላ ሊያስኬደው ይችላል።

ለዚህ ደረጃ የሚሆነውን ፈተና ታከር እ.ኤ.አ. በ1981 ትቶልናል፦ ሳህን በመሰለ ወለል ውስጥ ውኃው ላዩ ቀጥ እንዳለ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ዳርቻ እየወጣ ያለማቋረጥ ይወዛወዛል። መካከሉ 10 ሜትር ጥልቅ የሆነ፣ ከመካከል እስከ ዳር 3,000 ሜትር የሚዘረጋ ሳህን ወስጄ ስሌቱን አስኬድኩ። በቀመሩ መሠረት አንድ ውዝዋዜ 1,346 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይወስዳል። ፕሮግራሙ ጊዜውን ያገኘዋል፤ የመጀመሪያው ቀላል ዘዴ ግን ውዝዋዜውን ዙር በዙር ያዳክመዋል። ይህ ድካም ከውኃው ሳይሆን ከሂሳቡ የመጣ የሐሰት ሰበቃ ነው። በየሴሉ ውስጥ ጥልቀቱ አንድ ወጥ ነው ከማለት ይልቅ ተዳፋት እንዲኖረው ሲደረግ፣ ተዳፋቱም ከጎረቤቶቹ ልዩነት ትንሹን እንዲከተል ሲገደብ፣ ድካሙ በእጅጉ ቀነሰ። የስሌቱ ጊዜ በእጥፍ ያህል አድጓል፤ ቢሆንም ለሰዓታት የሚቆይ የሐይቅ ውዝዋዜን ያለዚህ ማስላት ትርጉም የለውም።

መብራት ስለሚጠፋ፣ ፕሮግራሙ በየተወሰነው እርምጃ ሙሉ ሁኔታውን ፋይል ላይ እንዲጽፍና ከዚያ እንዲቀጥል አድርጌአለሁ። አዲሱ ፋይል ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ሳያበቃ አሮጌው አይሰረዝም።

ታኅሣሥ

የጂኦሎጂ ባልደረባዬ ፕሮግራሙ የመሬት መንሸራተትን ያሰላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው የመጣው ከየት እንደሆነ ለሁላችንም ግልጽ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከደረሱት ሁለት መንሸራተቶች ሁለተኛው የወረደው፣ በመጀመሪያው የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ነበር። የእኩልዮሾቹ ቤተሰብ አንድ ነው፤ ሳቬጅና ሁተር እ.ኤ.አ. በ1989 ለሚወርድ አፈርና ድንጋይ የጻፉት ሞዴል የሳን-ቬናንን ቅርጽ ይዞ ሰበቃውንና የጎን ግፊቱን የደረቅ አፈር ያደርገዋል። ሆኖም መቼ ይነሣል የሚለውን አይመልስም፤ የሚመልሰው ከተነሣ እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ነው። ለነፍስ አድን ሥራ ሁለተኛው መልስ ብቻውንም ዋጋ አለው፤ ሰው የት መቆም እንደሌለበት ይነግራልና።

ተራራ ወደ ውኃ ሲናድ ግን የእኔ ፕሮግራም ብቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአላስካ ሊቱያ የባሕር ወሽመጥ የተናደው ዓለት ውኃውን በተቃራኒው ተራራ ላይ እስከ 524 ሜትር ከፍታ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1963 በጣሊያን ቫዮንት ተራራው ወደ ግድቡ ሐይቅ ሲገባ ግድቡ ሳይፈርስ ውኃው በላዩ ዘሎ 2,000 ያህል ሰዎች አለቁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውኃው ሽቅብ ስለሚወነጨፍ፣ ግፊቱ ከላዩ ባለው ውኃ ክብደት ብቻ ይወሰናል የሚለው መነሻ ይፈርሳል። ይህን ገደብ በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጥር

ፕሮግራሙን ወደ ሁለት አቅጣጫ አሰፋሁት። የጥምቀት ሰሞን ስለነበረ የሙከራውን ቅርጽ ከፋሲል መዋኛ ወሰድኩ፦ አራት ማዕዘን ገንዳ፣ መካከሉ ላይ ሕንፃ። መጠኑን ለስሌት እንዲመች በክብ ቁጥር 50 ሜትር በ30 ሜትር፣ ጥልቀቱን 2 ሜትር አደረግሁት፤ የእውነተኛው ገንዳ ልኬት ነው አልልም። ሕንፃው ሳይኖር ርዝመቱን ይዞ የሚወዛወዘው ውኃ ጊዜ 22.6 ሰከንድ መሆን አለበት፤ ሆነም። ሕንፃው ሲገባ ፍሰቱ በጣም በሚፈጥንበት በመካከሉ ላይ መንገዱ ስለሚጠብ ውዝዋዜው ይዘገያል፤ ይህም ታየ። ይበልጥ የፈለግሁት ግን የሚዛን ፈተናውን ነው፦ ገንዳው ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ መልሱም እስከ መጨረሻው አሃዝ እኩል መሆን አለበት። ሁለቱን አቅጣጫዎች ተራ በተራ እንዲሠሩ ሳይሆን በአንድነት እንዲደመሩ ካደረግሁ በኋላ እኩል ሆነዋል። ወጣቶች ሲዘሉ የሚያነሡት ሞገድ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ የሚረዝም ስለሆነ ከቀመሩ ክልል ውጭ ነው።

የካቲት

አሁን ጣና። ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ሐይቅ ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነፋስ ለረጅም ጊዜ ከደቡብ ቢነፍስ ውኃውን በሰሜን ዳርቻው ወዳለችው ጎርጎራ ያስጠጋዋል፤ ሲቆም ደግሞ ውኃው ይመለሳል፣ ይወዛወዛል። በጥልቅ ሐይቅ ላይ ይህ መጠጋት እምብዛም አይደለም፤ ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ያድጋል።

በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ከፍታ ባለው ሳሳ ያለ አየር በየካሬ ሜትሩ 0.13 ኒውተን ያህል ይጎትታል። ጥልቀቱ 9 ሜትር የሆነ ሳጥን ላይ ይህ በሁለቱ ጫፎች መካከል 12 ሴንቲሜትር ልዩነት ይፈጥራል። ነፋሱ በድንገት ሲነሣ ግን ውኃው ከሚረጋበት ደረጃ ያልፋል፦ በሰሜኑ ጫፍ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ 12 ሴንቲሜትር ደርሶ ይመለሳል፤ ሙሉ ውዝዋዜው 5 ሰዓት ያህል ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ሁሉ አግኝቷል። የሐይቁ ቅርጽ ሳጥን ሳይሆን ወደ ክብ የሚያደላ ነው፤ በተመሳሳይ ጥልቀት ላለ ክብ ገንዳ ቀመሩ ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ከሩብ ያወርደዋል፤ ስለዚህ የጣናን ውዝዋዜ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አካባቢ እጠብቃለሁ። የመሬትን መሽከርከር አስገባ ወይስ ልተወው የሚለውንም አስልቻለሁ፦ በ12 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የመሽከርከር ውጤት ጎልቶ የሚታየው 310 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ላይ ነው፤ ጣና ከዚያ በብዙ ስለሚያንስ ተውኩት።

ጎርጎራ ወርጄ ታንኳቸውን ዳር የሚያስሩ አንድ አዛውንት አነጋገርኩ። «አባቴ፣ ሐይቁ የሚከፋው መቼ መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጠዋት ወዳጅህ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን አትመነው፤ ነፋሱ ሲነሣ ውኃው ደንገሉ ውስጥ ይገባብሃል» አሉኝ። በስሌቱ ውስጥ ነፋሱን ቀኑን ሙሉ ወጥ አድርጌ ነበር የማስነፍሰው፤ ከዚህ በኋላ ከቀትር ተነሥቶ ማታ የሚበርድ ነፋስ እሰጠዋለሁ። ለክፍቱ ወለል የማኒንግ ቁጥር 0.025፣ ለደንገልና ሣር ለበዛበት ዳርቻ 0.08 ወስጃለሁ።

በ500 ሜትር ሴሎች ሐይቁ ከ12,000 በላይ ሴል ይሆናል። ጥልቁ ቦታ በሚፈቅደው እርምጃ የአንድ ቀን ስሌት 4,500 እርምጃ ያህል ነው፤ ላፕቶፑ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ይጨርሰዋል።

መጋቢት

የቀረው ከባዱ ጉዳይ ካርታ ነው። 12 ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፤ የሐይቁ ደረጃ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል፣ ይወርዳልና። ነገር ግን ከክረምቱ ሙላት በላይ ሲጨመር፣ ከ1,000 ሜትር 1 ሜትር ብቻ ከፍ በሚል ሜዳ ላይ 12 ሴንቲሜትር ውኃ 120 ሜትር ወደ ማሳ ይገባል፤ የመገጭንም ሙላት ከአፉ ላይ ይገታዋል። የውኃውን ሽሽት ተከትለው ለሚዘሩ የደንቢያ ገበሬዎች ይህ የአንድ ማሳ ዕጣ ነው።

በነፃ የሚገኘው የመሬት ከፍታ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው ሲሆን የከፍታ ስሕተቱ በሜትሮች ነው። በሜትር በሚሳሳት ካርታ ላይ የ12 ሴንቲሜትር ውኃ ዘርግቶ የሚጥለቀለቁ ማሳዎችን ቀለም መቀባት ለሚያየው ሰው እውነት ይመስላል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሥዕል አላወጣም። አሁን ማቅረብ የምችለው በዳርቻው ላይ የሚደርሰውን የውኃ ደረጃና የሚደርስበትን ሰዓት ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ሜዳው የሚገባ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሌቭልና ሚራ በተባሉት የከፍታ መለኪያ መሣሪያዎች ለመለካት ከቅየሳ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ልኬቱ የሚካሄደው ውኃው ከሸሸ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። በዚያ መስመር ላይ ሴሎቹን ወደ 5 ሜትር አውርጄ የከሰዓት በኋላውን ነፋስ እንደገና አስኬዳለሁ።